እርጎ የጠጣው መቀመጫ

ከጎንደር ተነሥቶ ባሕር ዳር እስኪደረስ ባለው መንገድ ላይ የመኪና መቀመጫና ምንጣፍ እንደ እኔ አድርጎ የሚያጥብ ሰው አልተወለደም፤ የተወለደም ቢኖር እኔን ሲያይ አፍሮ ወደ እርሻው ተመልሷል። ጅብ ከነግልገሎቿ ክረምቱን የከረመችበትን መቀመጫ አምጡልኝ፤ በሦስተኛው ቀን ሙሽራ ታስቀምጡበታላችሁ፣ ሙሽራዋም ሸተተኝ አትልም። ማንንም መጠየቅ ይቻላል። ብቻ መጀመሪያ ያጠብሁትን መኪና የሚያስታውስ ሰው እንዳትጠይቁ። ከዚያ መኪና አንድ ትልቅ ሰው በነጭ ልብሳቸው እንደ ጠላ ጋን ገንፍለው ነው የወረዱት።

ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል። ጎልማሳ ሆኛለሁ፣ ጥርሴ መነቃነቅ ጀምሯል፣ ሰው ሁሉ ቀልደኛ ይለኛል፤ ያ መኪና ሲነሣ ግን ቀልዱ ይጠፋብኝና ያገኘሁትን ነገር መምታት ያምረኛል። ስለዚህ በእርጋታ እጽፋለሁ ብዬ ቃል አልገባም።

ዘመኑ የሃምሳዎቹ መጨረሻ ግድም ነው። ወረታ የጎንደሩና የደብረ ታቦሩ መንገድ የሚገጥሙባት ትንሽ ከተማ ነበረች። የጭነት መኪና ያልፍባታል፣ አውቶቡስ ያልፍባታል፤ የቤት መኪና ግን በከተማዋ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም የጌታዬ የቀኛዝማች ነው። የምነዳው እኔ ነኝ። ቀኛዝማች መኪናውን የገዙት ጎንደር ላይ፣ ዕቃውን ሸጦ ወደ አገሩ ሊገባ ከተነሣ ጣሊያን ነው። መቀመጫው አመድማ ሱፍ የለበሰ፣ ወለሉ አረንጓዴ ምንጣፍ። እኛ አገር ያኔ ምንጣፍ የምናውቀው ቤተ መቅደስ ውስጥ ነው። ስለዚህ ገበሬው «ግባ» ሲባል ጫማ ያለው ጫማውን ያወልቃል፣ የሌለው እግሩን በሣር ይጠርጋል። አንድ ሽማግሌ የመኪናውን በር ተሳልመው ሲገቡ በዓይኔ አይቻለሁ።

ባለቤቱ ግን ከነቦት ጫማቸው፣ ከነዋልካው ይገባሉ። ዋልካ ማለት የፎገራ ጥቁር ጭቃ ነው፤ አንድ ጊዜ ከያዘህ እግርህን ይለቅልህና ጫማህን ያስቀርብሃል። «ምንጣፍ ሊረገጥ አይደል እንዴ የተሠራው» ይላሉ። በማግስቱ ደግሞ ጎንበስ ብለው ያዩና «አንተ፣ ይኼን ጭቃ ማን አገባው?» ይሉኛል። «ነፋስ ይሆናል ጌታዬ» እላለሁ። ምን ልበል።

በዚያ መኪና ያልጫንነው ነገር የለም። በግ ጭነናል። ያልደረቀ ቆዳ ጭነናል። አንድ ጊዜ የታመመ ጥጃ ከእኔ ጎን፣ ፊት ወንበር ላይ፣ ብርድ እንዳይመታው ጋቢ ለብሶ ተቀምጦ ከሜዳው ወደ ከተማ አምጥቼዋለሁ። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ለጥጃው እጅ ነሣ። ጥጃውም እንደ ጌታው ለማንም አልመለሰም። ወረታ ስንደርስ ግን ወንበሩ ላይ የሠራውን ሥራ ያጸዳሁት እኔ ነኝ፤ በውሃና በሣር፣ በብስጭት።

እኔ የቁሐር ሚካኤል ገበሬ ልጅ ነኝ። ከሞፈር አምልጬ አራት ዓመት በጭነት መኪና ላይ ዕቃ እየጫንሁና እያወረድሁ ነው መንዳት የለመድሁት። መጀመሪያ ያንን የቤት መኪና ነድቼ ወደ ቁሐር ሚካኤል የገባሁ ቀን ከብቱ እስከ ጣና ድረስ ሸሽቷል ይባላል፤ የሚለው እኔ ነኝ። ያኔ ጥሩንባውን ከመንደሩ ጫፍ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ድረስ ሳላቋርጥ ነፍቼዋለሁ። አብሮ አደጎቼ ፊታቸው ጠቁሮ ሲያዩኝ የተሰማኝን ደስታ ለማንም አልመኘውም፤ ምክንያቱም ያን ያህል የተደሰተ ሰው መውደቂያውን እየቆፈረ ነው።

ነገሩ የሆነው በጥቅምት ነው፤ የርብና የጉማራ ወንዝ ውሃ ከሜዳው ሸሽቶ፣ ሣሩ ለምልሞ፣ አገሩ ወተት በወተት የሚሆንበት ወር። የቀኛዝማች ሴት ልጅ ለአንድ የደብረ ታቦር ባላባት ልጅ ታጭታ ነበር። የልጁ አባት፣ ባላምባራስ፣ የሠርጉን ቀን ሊቆርጡ በሳምንቱ ሊመጡ ነው። ለእሳቸው ድግስ ቅቤ ያልወጣለት እርጎ ከቁሐር ሚካኤል፣ ከቀኛዝማች በረት፣ ወደ ወረታ መምጣት አለበት። ሁለት ትልልቅ ቅል፣ እስከ አፋቸው የሞሉ።

«በበቅሎ ይምጣ ጌታዬ» አልሁ።

«በበቅሎ ሲመጣ መንገድ ላይ ይናጣል» አሉ።

«በመኪናም ይናጣል።»

«መኪና እግሩ ላስቲክ ነው» አሉ፤ ነገሩ በዚህ ተዘጋ።

ቅሎቹን እንደ እንግዳ ኋላ መቀመጫ ላይ አስቀመጥናቸው። ቀኛዝማች ከእኔ ጎን ገቡ። እኔም ነፍሰ ጡር እንደ ጫነ ሰው ጉድጓዱን እየዞርሁ፣ ድንጋዩን እየለመንሁ ስነዳ፣ ከፊታችን አንድ ሰው በበቅሎ ይሄዳል። ቀኛዝማችን ዞሮ አየ። ከበቅሎው አልወረደም። ባርኔጣውን እንኳ አልነካም።

«ማነው ይኼ?»

«አላወቅሁትም ጌታዬ።»

«ቅደመው። ጭቃዬን ይብላ።»

«እርጎው እኮ...»

«ንዳው አልሁህ።»

ነዳሁት። ሰውዬው ጭቃውን በላ። እኛ ደግሞ ውሃ በቆረጠው ቦይ ውስጥ ገብተን ወጣን፤ ስንገባ ሁለት ቅል ነበረን፣ ስንወጣ አንድ። ሌላው ለሁለት ተፈንክቶ እርጎው በመቀመጫው፣ በምንጣፉ፣ በበሩ፣ በጣራው፣ በቀኛዝማች ማጅራት ላይ ወረደ። ከአንገታቸው በጣታቸው ጠርገው አዩት።

«ምን አደረግህ?» አሉኝ።

«ንዳው ብለውኝ ነዳሁ።»

«ንዳው አልሁ እንጂ ዝለል አልሁ?»

እዚህ ላይ ብዕሬን አስቀምጬ ትንሽ መንጎራደድ ነበረብኝ። ሰው ራሱ ባዘዘው ነገር ሌላውን እንዴት እንደሚቆጣ ያየ ያውቀዋል። ቤት እስክንደርስ ሲሰድቡኝ አንድም ቃል አልደገሙም፤ ስድብ ቢታረስ ቀኛዝማች የፎገራን ሜዳ በአንድ ቀን ይጨርሱት ነበር። በመጨረሻ ግቢው በር ላይ ሲወርዱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያሉት ግን ከስድቡ ሁሉ ባሰብኝ።

«የዛሬ ሳምንት ባላምባራስን በዚህ መኪና ወንዛዬ ፍል ውሃ ትወስድልኛለህ፤ ጉልበታቸውን ቁርጥማት ይዟቸዋል። የእሳቸው አፍንጫ የአዳኝ ውሻ አፍንጫ ነው። 'ምን ሸተተኝ' ያሉ እንደሆነ ቁልፉን ለእኔ፣ ሞፈሩን ለአንተ።»

ከመሪ ወደ ሞፈር። ቁሐር ሚካኤል ተመልሼ ከበሬ ጀርባ ሳዘግም አብሮ አደጎቼ ከዳር ቆመው «ጥሩንባውን ንፋው እንጂ» ሲሉኝ ታየኝ። ዕድሜዬን ሙሉ እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ እኔ በእነሱ ቦታ ብሆን የምለው ይኼንኑ ነው።

በዚያው ከሰዓት በኋላ በንዴት ባልዲ ይዤ ተነሣሁ። ውሃ አንዱ፣ ውሃ ሁለቱ፣ ውሃ አሥሩ እያልሁ መቀመጫው ላይ ደፋሁት። የላዩ ነጭ ነገር ጠፋልኝና በሮቹን ዘግቼ ሄድሁ። ያኔ ያላወቅሁት ነገር፣ የመኪና መቀመጫ ከሱፉ በታች ሆድ አለው። ሆዱ የታጨቀው በፈረስ ጭራ ነው። ከምንጣፉም በታች ሌላ ወፍራም ብርድ ልብስ የመሰለ ነገር ተነጥፏል። እኔ ያን ሁሉ ውሃ ሳፈስ እርጎውን አላወጣሁትም፤ ይበልጥ ወደ ውስጥ እየሸኘሁት ነበር።

በሁለተኛው ቀን በሩን ስከፍት ሽታው ደረቴን ገፍትሮ አስቀመጠኝ። የፎገራ ዝንብ በሙሉ ተሰብስቧል፤ የደራና የሊቦ ዝንብም በዘመድ ተጠርቶ መጥቷል። መንገደኛው አፍንጫውን ይዞ ያልፋል። አንድ ፌዘኛ «ቀኛዝማች ለማጀታቸው ጎማ አስገጠሙለት» ብሎ ሄደ። ልደበድበው ተከትዬው ነበር፤ አላገኘሁትም፤ ቢገኝም ትልቅ ሰው ነው።

መገንጠያው ላይ ለዕረፍት የቆመ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር አየኝና ራሱን ነቀነቀ።

«ስማ ወንድሜ» አለኝ፤ «በቤንዚን ጥረገው። ቤንዚን የማያወጣው ነገር የለም። ቅባት ያወጣል፣ ደም ያወጣል፣ ሰው ከትዳሩ ያወጣል።»

ጠረግሁት። በማግስቱ ጠዋት ቀኛዝማች ገብተው ሲጋራቸውን ከከንፈራቸው አደረጉ፣ ክብሪቱን ሊጭሩ ሲሉ እጃቸውን ከነክብሪቱ አፈፍ አድርጌ ያዝሁ።

«እጄን ያዝህ?»

«የሁለታችንንም ነፍስ ነው የያዝሁት ጌታዬ።»

ወርደው በእግራቸው ሄዱ። ቀኛዝማች በእግራቸው ሲሄዱ ያየ ሰው ሁሉ ምን ሆነው ነው ብሎ ጠየቀ፤ ይኼም በእኔ ላይ ተጻፈ። ሁለት ቀን መስኮቱን ከፍቼ አሳደርሁት። ቤንዚኑ ሄደ፣ እርጎው ቀረ።

ከዚህ በኋላ ነው ወደ እሷ የሄድሁት። ገበያው ዳር ቅቤና እርጎ የምትሸጥ፣ ከእኔ በአሥራ አምስት ዓመት የምትበልጥ፣ ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች፤ እታለም እላታለሁ። ለቀኛዝማች ቤት ቅቤ የምታገባው እሷ ናት። የወተት ዕቃዋን ንጽሕና ከተማው ሁሉ ያወራል፤ ቅሏን ከፍተህ ብታሸት ከወይራ ጭስ በቀር ምንም አይልም። የገበያ ዕቃዋን ለጎረቤቷ ትታ መጣች። በሩን ከፈትሁላት። እንደ ሌላው አፍንጫዋን አልያዘችም። ጎንበስ ብላ ፊቷን ወንበሩ ላይ አስጠግታ፣ ቅል እንደምታሸት አሸተተችው፤ ከዚያ በመዳፏ ጫን አለችው።

«ይኼ ከላይ አይደለም» አለችኝ፤ «ሆዱ ነው። አንተ ልጅ፣ ስንት ውሃ ነው ያጠጣኸው?»

«ትንሽ።»

«ትንሽ እንኳ አይመስልም፤ ጣና የጎደለው ለዚህ ነው።»

የነገረችኝን ቃል በቃል አስታውሳለሁ። እንዶድ ውቀጥ፤ አንድ እፍኝ ብቻ። ዘፍዝፈህ ጭማቂውን በጨርቅ አጥልለው፤ ዱቄቱ እንዳይገባ። አረፋውን ብቻ በጨርቅ እያነሣህ እሸው፤ ውሃ አታፍስስ። ከዚያ ንጹሕ ጨርቅ ውሃ ነክረህ፣ ጨምቀህ፣ ጠርገህ አንሣው። ሦስት ጊዜ አለቅልቀው።

«ሦስት ጊዜ» አለች ሦስት ጣት አንሥታ፤ «ከጨርቁ የምትጨምቀው ውሃ እንደገባው ጥርት ብሎ እስኪወጣ። አረፋ የቀረበት ዕቃ አልታጠበም። በጥላ፣ ነፋስ ባለበት አድርቀው።»

«ከዚያ በወይራ አጥነዋለሁ» አልሁ።

«ለምን?»

«የወተት ዕቃ ታጥቦ ይታጠን የለ እንዴ?»

«የሚታጠነው ወተት ሊገባበት ነው። መኪናው ላይ ወተት ልትጨምር ነው?» ብላ ሣቀች። «ጭሱን ተወው፤ ውሃውን አትተው።»

እኔ ውሃውን ተውሁ፣ ጭሱን አልተውሁም።

ለምን እንዲህ እንዳደረግሁ ብጠየቅ ብዙ ምክንያት መደርደር እችላለሁ፤ ሁሉንም ደርድሬ አይቻቸዋለሁ፣ አንዱም አይቆምም። አንድ እፍኝ እንዶድ ለቅል ይሆናል እንጂ ለመኪና ይጠባል አልሁና አንድ ቁና ወቀጥሁ። ማጥለሉ ጊዜ ይፈጃል አልሁና ከነዱቄቱ ደፋሁት። ማሸቱን ግን፣ እውነት ለመናገር፣ እንደ ጀግና አሸሁት፤ አረፋው በመስኮት ወጥቶ መንገዱን ሊሻገር ምንም አልቀረው። ሰው ተሰብስቦ አየ። ተመልካች ሲኖር ክንዴ አይደክምም። አንድ ጊዜ አለቀለቅሁት። ለሁለተኛው ውሃ ስሄድ ሰዉ ተበተነ፤ ክንዴም ያኔ ደከመ። መቀመጫውን አየሁት፤ ነጭ ሆኗል። ነጭ ነገር ንጹሕ ነው አልሁና ለፀሐይ ሰጠሁት።

በማግስቱ ደርቆ እንደ ቆርበት ቀጥ ብሏል። በገል ላይ የወይራ ፍም አድርጌ ወለሉ ላይ አስቀመጥሁ፣ በላዩ ስንጣሪ ጨመርሁ፣ በሮቹን ዘጋሁ፣ መስኮቶቹንም። ከምሳ እስከ ፀሐይ ማዘቅዘቂያ ድረስ መኪናውን እንደ ቅል አጠንሁት። በሩን ስከፍት ጭሱ መጀመሪያ ወጣ፤ ሽታው አልተከተለውም። አሸተትሁ፤ ወይራ፣ ወይራ ብቻ። ምንጣፉ ላይ ገሉ የተቀመጠበት ቦታ ክብ ሆኖ ተቃጥሏል፤ እሱን እግሬን እያሳረፍሁ እደብቀዋለሁ አልሁ። ያን ቀን ከእኔ የበለጠ ጎበዝ ሰው በበጌምድር ምድር አልነበረም።

ባላምባራስ መጡ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጋቢያቸው እንደ በረዶ የነጣ፣ አፍንጫቸውም እንደተወራለት ከእሳቸው አንድ እርምጃ ቀድሞ የሚሄድ ሰው። በሩን ከፈትሁላቸው። ገብተው ተቀመጡ። ቀኛዝማች ከጎናቸው ሆነው እኔን በመስታወት ያዩኛል። እኔ የባላምባራስን አፍንጫ አያለሁ።

«ወይራ» አሉ ባላምባራስ ቀስ ብለው።

«አዎን፣ ወይራ ነው» አሉ ቀኛዝማች።

«ደስ ይላል። ሰው መኪናውን እንዲህ እንደ ቤቱ ሲይዘው ደስ ይላል።»

በመስታወት ቀኛዝማች ጢማቸውን ሲያስተካክሉ አየሁ። እኔም በልቤ ጥሩንባዬን ነፋሁ። ባላምባራስ በደስታ ወደ ኋላ ደገፍ አሉ። ያኔ ከመቀመጫው የተነሣው ዱቄት ምን ያህል እንደነበር አላውቅም፤ በመስታወቱ ውስጥ የታየኝ ግን ጉም ነው። እንዶድ ደርቆ አፍንጫ ሲገባ ምን እንደሚያደርግ የወቀጠ ሰው ያውቀዋል። ባላምባራስ አነጠሱ።

«ይማርዎ» አሉ ቀኛዝማች።

ደገሙት። «ይማርዎ።» ባላምባራስ ባነጠሱ ቁጥር በመቀመጫው ላይ ይነጥራሉ፣ በነጠሩ ቁጥር ሌላ ዱቄት ይነሣል፣ በተነሣ ቁጥር ያነጥሳሉ። ቀኛዝማች አሥራ ሁለተኛው «ይማርዎ» ላይ ራሳቸው አነጠሱ። ከዚያ እኔ። ሦስታችንም እያነጠስን፣ አንዳችን ለሌላው ምሕረት እየለመንን፣ ከወረታ እስከ ወንዛዬ መታጠፊያ ድረስ ከመንገዱ ዳር ወደ ዳር ስንዋዥቅ ያየን ሰው ሰክረዋል ብሏል። መኪና ከማይደርስበት ቦታ ጀምሮ በበቅሎ ወሰድናቸው። በቅሎዋ ላይ ሲወጡ የመጀመሪያውን ሙሉ ትንፋሽ የተነፈሱ ይመስለኛል።

ፍል ውሃው ግን ተስማማቸው። ጉልበታቸው ተፍታትቶ፣ ፊታቸው ቀልቶ፣ ሰውነታቸው ገና እየተነነ፣ እርጥብ ሱሪያቸውን ሳይለውጡ ጋቢያቸውን ደርበው ተመለሱ። ልብስ ቢለውጡስ ልል ነበር፤ ቀኛዝማች «ክፈት» አሉኝ፤ ከፈትሁ። የዚያን ጊዜም ዝም ያሰኘኝ ቁጣቸው ነው። ትልቅ ሰው ሲቆጣ የሚያተርፈው ይኼንኑ ነው፤ የሚያድነውን ቃል የሚነግረው ሰው ያጣል።

ወረታ ስንደርስ በግቢው የሁለቱም ወገን ዘመድ ተሰልፎ ይጠብቃል። ባላምባራስ ወረዱ። ሁለት እርምጃ ሲሄዱ የሰው ዓይን ሁሉ ወደ ኋላቸው ሄደ። ከወገባቸው በታች፣ ከኋላ፣ ነጭ አረፋ ተንጠልጥሏል፤ ተንጠልጥሎም አልቀረ፣ በየእርምጃው እየበዛ ቡፍ ቡፍ ይላል። እርጥበቱ እንዶዱን ቀስቅሶታል፤ ያ ሳይሞት የተቀበረ እርጎም አብሮ ነቅቷል። ወይራው ጠፍቶ ግቢው የከረመ እርጎ ሸተተ። አንዲት አሮጊት ቀርበው «ባላምባራስ፣ ከኋላዎ እየፈላ ነው» አሏቸው፤ ድምፃቸውን ዝቅ ያደረጉ መስሏቸው ነው።

ባላምባራስ በእጃቸው ነካ አድርገው አሸተቱ። ከዚያ እንግዳ ተቀባዩን ተከትለው ወደ ቤት ገቡ። የሠርጉ ቀን ተቆርጧል፤ ስለ መኪናው ግን በዚያ ቀን አንድ ቃል አልወጣቸውም፤ ያ ዝምታ ነው ቀኛዝማችን ያቃጠላቸው።

ቀኛዝማች እጃቸውን ዘረጉልኝ።

«ቁልፉን።»

ያን ጊዜ እታለም ለድግሱ ቅቤ አምጥታ በጓሮ በር ስትገባ አየኋት። አገልጋዩም፣ ዘመዱም፣ ሁሉም ቆሞ ያያል። ጣቴን ቀሰርሁባት።

«እሷ ናት» አልሁ። «እንዶዱን ያለችኝ እሷ ናት። እኔ እንዳለችኝ ሦስት ጊዜ አለቅልቄያለሁ።»

ቀኛዝማች ዞሩባት። የሰደቧትን አልጽፈውም። መጨረሻው ግን «ከዛሬ ጀምሮ የአንቺ ቅቤ ከዚህ በር እንዳይገባ» ነበር። የያዘችውን ቅቤ መሬት ላይ ሳታስቀምጥ ቆማ ሰማች። እኔን አየችኝ። ከዚያ በመጣችበት በር ወጣች። ለእኔ ደግሞ ቀኛዝማች «ሦስት ቀን ሰጥቼሃለሁ» አሉኝ።

በማግስቱ መኪናውን ነድቼ ቤቷ ደጃፍ ላይ አቆምሁት። ይቅርታ ልጠይቅ የሄድሁ የሚመስለው ካለ አላወቀኝም። ልጮህባት ነው የሄድሁት። «የአንቺ እንዶድ እንጀራዬን ሊቆርጥ ነው» አልኋት። «እንዳልሽኝ አደረግሁ፣ ይኸው የሆንሁት። አንቺን ያመነ እንዲህ ነው የሚሆነው።» ጎረቤት እስኪወጣ ጮህሁ። እሷ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጣች፣ በሩን ከፈተች፣ ጣቷን አርጥባ ሱፉን ጫን አደረገችው። በጣቶቿ መሐል አረፋ ወጣ።

«ስንት ጊዜ አለቀለቅኸው?»

«ሦስት» አልሁ፤ ዓይኗን እያየሁ።

አረፋውን ከጣቶቿ አራገፈች።

«እሺ» አለች፤ «ሁለት ይቀረዋል። ውሃ አምጣ።»

መቀመጫውን ከመኪናው አስፈትታ አወጣችው። እኔ መፈታቱንም አላውቅም ነበር። በዱላ መታ መታ አድርጋ ዱቄቱን አራገፈች። ንጹሕ ጨርቅ እየነከረች፣ እየጨመቀች፣ ጫን እያደረገች የሆዱን እርጥበት ወደ ላይ ጠራችው፤ ጨርቁ ቢጫ ሆኖ ይወጣል፣ ታጥባዋለች፣ እንደገና ትጫነዋለች። ምንጣፉን ገለበጠችው፤ ከሥሩ እርጎው እንደ አይብ ደርቆ ተጋግሯል። በቢላዋ ፋቀችው። ያቃጠልሁትን ክብ አየች፤ መፋቋን ቀጠለች። እኔ ከወንዝ ውሃ እየተሸከምሁ አመላለስሁ። የምትጨምቀው ውሃ ጥርት ብሎ ሲወጣ አንድ አለች፤ ሌላ አስመጥታ ደገመችው፣ ሁለት አለች። መቀመጫውን በጎኑ አቁማ ነፋስ ባለበት ጥላ ሥር ሁለት ቀን አስቀመጠችው፤ ምንጣፉን በአጥሩ ላይ ገልብጣ ሰቀለችው። ጭስ አላስነካችውም። በሦስተኛው ቀን አሸተትሁት። ምንም አይልም። እርጎ አይልም፣ ወይራ አይልም፣ እንዶድ አይልም። በነጭ ነጠላዬ ጠረግሁት፤ ምንም አልያዘም።

ቀኛዝማች ገብተው ተቀመጡ፣ አሸተቱ፣ መቀመጫውን በመዳፋቸው ደጋግመው ጠረጉት፣ መዳፋቸውን አዩ።

«ያቺ ሴትዮ ልታጠፋን ነበር» አሉኝ። «አንተ ግን አዳንኸው። ቁልፉን ያዝ።»

«አዎን ጌታዬ» አልሁ።

ከዚያ በኋላ ያን መኪና ስድስት ዓመት ነዳሁት። የእታለም ቅቤ ተመልሶ ወደዚያ ግቢ አልገባም፤ ቀኛዝማችን አይቶ የሚገዛውም ሰው ከእሷ መግዛት ትቶ ነበር። በገበያ ቀን በእሷ በኩል ሳልፍ ሙቀቱ ምንም ያህል ቢሆን መስኮቱን ዘግቼ አልፍ ነበር። በእሷ ተናድጄ እንደነበር ለሰው ሳወራ ኖሬአለሁ፤ አሁንም ይህን ስጽፍ በቀኛዝማች፣ በባላምባራስ፣ በዚያ ከበቅሎው ባልወረደ ሰውዬ ሁሉ ስናደድ አነጋሁ። ነገሩ ግን ይኼ ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያለቀለቅሁት። ሰንፌ ነው። ከሞፈር ፈርቼ ዋሸሁ፣ በውሸቴ አንዲት ሴት እንጀራዋን አጣች፣ መኪናውንም ያጠበችው እሷ ናት፤ ይህን ለቀኛዝማችም ለማንም ተናግሬ አላውቅም።